አንኮበር፦ የገደል አፋፏ ከተማ መልክዓ ምድርና ሕዝብ

አንኮበር በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ ዞን የምትገኝ ትንሽ የገጠር ከተማ ናት። ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከፍታዋም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። በስሟ የሚጠራው ወረዳ በሰሜን ከጣርማ በር፣ በምዕራብ ከባሶና ወራና፣ በደቡብ ከአሳግርት፣ በምሥራቅ ደግሞ ከአፋር ክልል ይዋሰናል። ስሟ በታሪክ የሚነሣው የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ስለነበረች ነው። ከተማይቱን ለመረዳት ግን ከቤተ መንግሥቱ በፊት ገደሉን ማየት ያስፈልጋል። ያከበራት እሱ ነው፤ ኋላም ያስቀራት እሱ ነው።

ከደብረ ብርሃን የተነሣ መንገደኛ መጀመሪያ የሚያየው የደጋ ሜዳ ነው፤ የገብስ ማሳ፣ የበግ መንጋ፣ የባሕር ዛፍ ጥግ። መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ብርዱ ሲጠና ሜዳው ድንገት ያልቃል። ከፊት ለፊት መሬት የለም። ጉም ካልሸፈነው በቀር ተራራው እየተሸነሸነ እስከ አፋር በረሃ ድረስ ሲወርድ ይታያል። ይህ የስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ግድግዳ ነው። ውኃውም እዚሁ ላይ ይለያያል፤ ከጀርባ በሜዳው ላይ የዘነበው በጀማ ወንዝ በኩል ወደ ዓባይ ሲሄድ፣ በገደሉ በኩል የዘነበው ወደ አዋሽ ይወርዳል። የዓባይ ውኃ ሜዲትራኒያን ይደርሳል፤ የአዋሽ ግን ባሕር ሳያይ በአፋር ሐይቆች ይቀራል።

ከተማይቱ ያለችው ከዚህ አፋፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ከዋናው ተራራ ወጣ ባሉ ኮረብቶች ላይ ነው። ቤቶቹ እንደ ሜዳ ከተማ አልተደረደሩም፤ አንዱ ከሌላው በላይ ተንጠልጥሏል። የላይኛው ሰው ደጁ ላይ ቆሞ የታችኛውን የቤት ክዳን ያያል። ጠዋት ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ ሸለቆውን ይሞላና ኮረብታዎቹን እንደ ደሴት ያስቀራቸዋል፤ ፀሐይ ሲበረታ ቀስ እያለ ይገለጣል። ያን ሰዓት አንኮበርን ያየ ሰው ነገሥታቱ ለምን እንደመረጧት ጠይቆ የሚደክም አይመስለኝም።

በጥቂት ሰዓት የእግር መንገድ ውስጥ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ይፈራረቃሉ። ከላይ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ምስር ይዘራል። ዝቅ ሲል ጤፍ ይመጣል፤ ከዚያ በታች ማሽላና ማሾ። የደጋው ገበሬ በክረምቱ ዝናብ ብቻ አይኖርም፤ በበልግ የሚዘራው ገብስ ትልቅ ድርሻ አለው። ስለዚህም በልጉ የቀረ ዓመት ለላይኛው አገር ክፉ ዓመት ነው፤ ውርጭ ሲጨመርበት ይብሳል። ከገደሉ ጥግ የተረፈው ተፈጥሮም የዋዛ አይደለም። ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ሆኖ በአፋፉ ላይ ሣር ይነጫል፤ በስተሰሜን ያለው የወፍ ዋሻ ደን የጥድና የዝግባ ቅርስ ነው። የአንኮበር ሴሪን የምትባለው ትንሽ ቡናማ ወፍም ለሳይንስ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ1976 ከዚሁ ገደል ነው። በኋላ በሰሜን ተራሮች እስክትገኝ ድረስ ሌላ መኖሪያ አይታወቅላትም ነበር።

የስሟን አመጣጥ አፈ ታሪኩ «የአንኮ በር» ከሚለው ያመጣዋል፤ አንኮ በአካባቢው የነበረች ባላባት ሴት ናት ይባላል። የአንኮ ታሪክ እንዳለ ሆኖ «በር» የሚለው ቃል ግን በእርግጥ ይገባታል። ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ አፋርን የሚያቋርጠው የሲራራ ነጋዴ ወደ ሸዋ ደጋ የሚወጣው በዚህ ነበር። አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና ጠመንጃ ወደ ላይ ይወጣል፤ የዝሆን ጥርስ፣ ቡና፣ ዝባድና፣ መደበቅ የሌለበት ነገር፣ ባሪያ ወደ ታች ይወርዳል። ግመል ዳገቱን ስለማይወጣ ጭነቱ ከግርጌው በአልዩ አምባ ይራገፍና በአህያና በበቅሎ ይቀጥላል። የውጭ እንግዳም ንጉሡ ካልፈቀደለት ከአልዩ አምባ አያልፍም ነበር።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም.፣ ከተማይቱ ደምቃ ነበር። ሚሲዮናዊው ክራፕፍ በ1831 ዓ.ም. ገባ፤ የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስም ኅዳር 1834 ዓ.ም. የወዳጅነት ውል ተፈራረመ። ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው በ1857 ዓ.ም. የሸዋን ዙፋን ከያዙ በኋላም አንኮበር መናገሻ ሆና ቆየች። የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ከከተማይቱ በታች ልት ማረፊያ በተባለ ቦታ ጣቢያ ሠራ፤ መሪው አንቲኖሪ በ1874 ዓ.ም. የሞተው እዚያው ነው።

ከዚያ በር መሆኗ ቀረ። ምኒልክ ወደ እንጦጦ ተሻገሩ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ከቤተ መንግሥቱ ጋር መኳንንቱ፣ ወታደሩና ባለ እጁ ሄደ። የጅቡቲው ባቡር በድሬዳዋ በኩል ሲመጣ የሲራራው መንገድ ሥራ ፈታ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ያወጣው የሰሜን አውራ ጎዳናም ደብረ ብርሃንን ይዞ በጣርማ በር ዋሻ በኩል ወደ ደብረ ሲና ወረደ፤ አንኮበርን ወደ ጎን ተዋት። በእኔ አስተያየት የከተማይቱን ሕዝብ ያሳሳው ከንጉሡ መሄድ ይልቅ የመንገዱ መዞር ነው። ንጉሥ የሌላቸው ብዙ ከተሞች በንግድ ኖረዋልና።

የዛሬው ነዋሪ አብዛኛው አማርኛ ተናጋሪ ሲሆን በደጋው ክርስቲያኑ ይበዛል። ወደ ቆላው ሲወርዱ ሙስሊሙ ይበረክታል፤ በዚያ በኩል አርጎባዎች አሉ። ሴማዊ የሆነው የአርጎባ ቋንቋ በአካባቢው ለአማርኛ ቦታውን ለቋል፤ ማንነቱ፣ ሽመናውና ንግዱ ግን ቀጥሏል። ከነሱም በታች የአፋር አርብቶ አደር አለ። ይህ ሁሉ ሕዝብ በገበያ ቀን ይገናኛል፤ የደጋው ገብስና ባቄላ ይወርዳል፣ የቆላው ማሽላና ማሾ ይወጣል።

«ከተማ» የሚለው ቃል እዚህ ሲነገር በሕዝብ ብዛት ብቻ አይለካም። በአገሪቱ የሕዝብ ቆጠራ አሠራር የወረዳ ርእሰ ከተማ የሆነ ቦታ ነዋሪው ቢያንስም ከከተማ ይመደባል፤ ሌላው ደግሞ 1,000 ሰው ካለውና አብዛኛው ከእርሻ ውጭ የሚተዳደር ከሆነ ይገባል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከአማራ ክልል ሕዝብ በከተማ የሚኖረው ከመቶ 12 ያህል ብቻ ነበር። በእንዲህ ያለች ከተማ የመንግሥት ሠራተኛው፣ አስተማሪው፣ ባለ ሱቁና ጠላ ሻጯ በአንድ ወገን፣ ከጓሮው ማሳ ያለው ገበሬ በሌላ ወገን ቢቆጠሩም፣ ብዙ ጊዜ አንድ ቤተሰብ ናቸው።

የቀድሞው ቤተ መንግሥት ኮረብታ ላይ የግንብ ፍርስራሽ ቀርቷል፤ በዚያው አምባ ላይ በአሮጌው አዳራሽ አምሳያ የተሠራ ሎጅ እንግዳ ይቀበላል። ከእርከኑ ላይ ሆኖ ወደ ምሥራቅ የተመለከተ ሰው ወደ አልዩ አምባ የሚወርደውን መንገድ ያያል።