ያማረ የግቢ አትክልት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ሠርቶ የጨረሰ ሰው ስለ ግቢው ምክር አያጣም። ጎረቤቱም፣ ግንበኛውም፣ ችግኝ ሻጩም፣ ከውጭ አገር የመጣ ዘመዱም የሚሉት አላቸው። ምክሩ በቅን ልብ የሚሰጥ ነው፤ አብዛኛው ግን የዚህን ከተማ ሰማይና መሬት ከቁም ነገር አይቆጥርም። በዓመት ከሚዘንበው ወደ 1,100 ሚሊ ሜትር ከሚጠጋ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ በልግ እስኪመጣ ድረስ መሬቱ ጠብታ ይናፍቃል። ግቢን ውብ የሚያደርገው በመጀመሪያ ይህን አውቆ ማሰናዳት ነው። ገንዘብ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

«አትክልት የሚታሰበው ቤቱ ካለቀ በኋላ ነው»

ከሁሉም የበለጠ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ አመለካከት ነው። መሠረት ሲቆፈር ለሙ የላይ አፈር ከሥሩ ካለው ጭንጫ ጋር ተደባልቆ በገልባጭ መኪና ተጭኖ ይወጣል። ግንባታው ዓመት ሁለት ዓመት ሲጓተት ግቢው ሲሚንቶ ሲቦካበት፣ ብረት ሲቆረጥበት፣ የቀለም ባልዲ ሲታጠብበት ይከርማል። መጨረሻ ላይ ፍርስራሹ ይደለደላል፣ ገረጋንቲ ይደፋበታል፣ ከላዩም ስንዝር የማይሞላ ቀይ አፈር ይለብሳል። በዚያ ላይ የተነጠፈ ሣር አንድ ክረምት ያምራል። ጥር ላይ ሲደርቅ ወቀሳው በአትክልተኛው ላይ ይወርዳል። የደረቀው ግን ሥሩ የሚሄድበት ስላጣ ነው። የሲሚንቶው ቅሪትም አፈሩን ኖራማ ስለሚያደርገው ብዙ ተክሎች ብረትና ማንጋኒዝ መሳብ ያቅታቸዋል፤ የቅጠሉ ጅማት ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ሌላው ይገረጣል። እንዲህ ያለውን ግቢ በማዳበሪያ ማከም ድካም ነው።

ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት የላዩ 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር አፈር ለብቻው ተገፍፎ በአንድ ጥግ ቢከመር፣ ዝናብ እንዳያጥበውም ቢሸፈን፣ በኋላ ከሚገዛው አፈር ሁሉ የሚሻል ሀብት ይሆናል። የፍሳሽ ጉድጓዱ፣ የውሃ ታንከሩ፣ የመኪና ማቆሚያውና የዋናው ዛፍ ቦታም በአንድ ወረቀት ላይ አብረው መታየት አለባቸው። አንድ ትልቅ ዛፍ ብቻ በሚችል ግቢ ውስጥ የፍሳሽ ጉድጓዱ እዚያው የዛፉ ቦታ ላይ ከተቆፈረ፣ ከዚያ በኋላ የሚጠራው ንድፍ አውጪ ምንም ማድረግ አይችልም።

በቦታው ላይ አስቀድሞ የቆመ ጽድ ወይም ወይራ ካለ ደግሞ ከቤቱ ንድፍ እኩል ሊከበር ይገባዋል። ሁለቱም አዝጋሚ ናቸው፤ የተቆረጠውን ለመተካት የሰው ዕድሜ ያስፈልጋል። ሳይቆረጥም ሊሞት ይችላል፦ አሸዋና ድንጋይ ሥሩ ላይ ሲከመርበት፣ መኪና ሲመላለስበት፣ አየር አጥቶ በዓመታት ውስጥ ይደርቃል። በግንባታው ጊዜ ቅርንጫፉ እስከሚደርስበት ድረስ ዙሪያውን ማጠር በቂ ጥበቃ ነው፤ ወጪውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

«ዋልካ ምንም አያበቅልም፤ ቀይ አፈር አስመጥቶ ማልበስ ነው»

የአድአ ማኛ ጤፍ የሚበቅለው በዋልካ፣ ማለትም በጥቁር አፈር ላይ ነው። በቦሌና በአቃቂ በኩል ያለው ዋልካም ለምነት አይጎድለውም፤ ችግሩ ከውሃ ጋር ያለው ጠባይ ነው። ሲርስ ያብጣል፣ ውሃውንም አላሳልፍ ይላል። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሥርም ይበጥሳል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግን ጉድጓድ ቆፍሮ ዋልካውን ማውጣትና በምትኩ ቀይ አፈር ሞልቶ ዛፉን መትከል ነው። ይህ ዛፉን ውሃ በያዘ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ እንደ ማስቀመጥ ነው። ነሐሴ ላይ ሥሩ ይበሰብሳል፤ ባለቤቱ የሚያየው ግን ኅዳር ላይ ቅጠሉ ሲረግፍ ስለሆነ «ውሃ አነሰው» ብሎ ይጨምርበታል።

መፍትሔውን የሸዋ ገበሬዎች ከጥንት ያውቁታል። በእነዋሪ አካባቢ ማሳው በከፍታ መደብና በቦይ እየተከፈለ ውሃው እንዲጠነፈፍ ይደረጋል። በግቢም እንዲሁ ነው፦ 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ ጠርዙ በድንጋይ የተያዘ መደብ፣ በመደቦቹ መካከል ተዳፋት ያለው ቦይ። አሸዋ በጥቂቱ መቀላቀል አይረዳም፤ የበሰለ ፍግና ኮምፖስት ግን በየዓመቱ ሲጨመር አፈሩን ያላላዋል። ጥቅምት ላይ፣ ስንጥቁ ሳይጀምር፣ በደረቅ ሣርና በቅጠል ጉዝጓዝ መሸፈን ከወራት ውሃ ማጠጣት ያሳርፋል።

«ቦታው ጠባብ ስለሆነ አያምርም»

በጃፓን ኪዮቶ ከተማ የሚገኘው የርዮአንጂ ቤተ መቅደስ የድንጋይ አትክልት ስፍራ ወደ 250 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። በውስጡ 15 ድንጋዮች፣ ነጭ ጠጠርና ጥቂት አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት አለ፤ ዓለም ሊያየው የሚጎርፍበት ይኸው ነው። ጠባብ ግቢን የሚያበላሸው ጥበቱ ሳይሆን ጥቃቅን ነገሮች ተጨናንቀው መግባታቸው ነው፦ በየማዕዘኑ ማሰሮ፣ ሦስት ዓይነት ንጣፍ፣ የሲሚንቶ አንበሳ፣ ፏፏቴ፣ ባለ ቀለም መብራት። አንድ ዓይነት ድንጋይ ይመረጥና መሄጃውም፣ የመደቡ ጠርዝም፣ መቀመጫውም በእሱ ይሠራ። አንድ ትልቅ ተክል ከሃያ ትንንሾች የበለጠ ቦታውን ያሰፋዋል። ባዶ መተው የሚያስፈራቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ባዶው ስፍራ የሌለበት ያማረ ግቢ አይቼ አላውቅም።

«በስተሰሜን ያለው ወገን ሁልጊዜ ጥላ ነው»

ይህ ከአውሮፓ የአትክልት መጻሕፍት የመጣ ነው፤ እዚያ እውነት ነው፣ እዚህ ግን አይሠራም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ድረስ የቀትር ፀሐይ የምትውለው በሰሜን በኩል ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ ትዞራለች። ሦስት ሜትር የሆነ የግንብ አጥር በታኅሣሥ ቀትር በስተሰሜኑ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ጥላ ይጥላል፤ በሰኔ ጥላው ወደ ደቡብ ይዞርና አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ስለዚህ ከቤቱ በስተሰሜን ያለው ቀጭን መሬት በደረቁ ወራት ጥላ ሆኖ እርጥበቱን ይይዛል፤ ፈርንና ለስላሳ ቅጠል ያላቸው ተክሎች የሚመቻቸው እዚያ ነው። በስተደቡብ ያለው ደግሞ በጋውን ሙሉ ፀሐይ ያገኛል፦ እሬትና ጦስኝ ይስማሙታል፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ላይም ከሰዓት በኋላ ቡና የሚጠጣበት ወንበር ቦታው ይኸው ነው። ከመትከል በፊት ጥላው በታኅሣሥና በሰኔ የት እንደሚደርስ ምልክት ማድረግ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

«ሣር ርካሽና ቀላል ነው»

ለመትከል ርካሽ ነው፤ ለማኖር ግን ውድ ነው። በበጋ ወራት ፀሐይና ነፋስ ከሣር ላይ በቀን ወደ 4 ሚሊ ሜትር ውሃ ይወስዳሉ። ለ100 ካሬ ሜትር ሣር በቀን 400 ሊትር ማለት ነው፣ ያውም የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ። ሣር ልጆች የሚሮጡበት፣ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ብቻ ይሁን። የኪኩዩ ሣር ወይም ሰርዶ ከሆነ የካቲት ላይ ቢጫ መሆኑን ታግሦ ማለፍም ይቻላል፤ ዝናብ ሲነካው ከሥሩ ይመለሳል። ቤቱ አሸንዳ ካለው ደግሞ የክረምቱን ውሃ መያዝ ይገባል፦ በ100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የሚወርድ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 100 ሊትር ነው።

«የሚያምረው ከውጭ የመጣ ተክል ነው»

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። እንሰትን ውሰዱ። አዲስ አበባ ውስጥ ኮባ የሚፈለገው ድፎ ዳቦ ለመጋገር ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ከጓሮ አያልፍም። እንግሊዝ አገር ግን ቀይ ቅጠል ያለውን የእንሰት ዝርያ በሞቃቱ ወራት የአትክልታቸው መሃል ያደርጉታል፤ ብርዱ ሲመጣ ከውርጭ ለማዳን ጠቅልለው ወይም ወደ ቤት አስገብተው ያስተዳድሩታል። የኪኩዩ ሣርም ኢትዮጵያን ጨምሮ ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ወጥቶ ነው የካሊፎርኒያንና የአውስትራሊያን ግቢዎች ያለበሰው።

ቀጋ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በዱር የምትበቅል ብቸኛዋ ጽጌረዳ ናት፤ አበባዋ ነጭ፣ እሾኋም ከሽቦ የማይተናነስ አጥር ነው። የግንብ አጥርን ለማልበስ ነጭ አበባው የሚያውደው ጠምበለል ወይም የአዞ ሐረግ አለ። አምጃ ቢጫ አበባውን ይዞ የደጋ ብርድ አይፈራም። ወይራ ሲገረዝ ይታዘዛል፤ ግራጫ አረንጓዴ ቅጠሉም ከጥቁር ድንጋይ ጋር ተስማምቶ ይኖራል። ዐደይ አበባ ደግሞ ዘሯ ኅዳር ላይ ተሰብስቦ በአንድ ጥግ ቢበተን በመስከረም ራሷን ታሳያለች፤ ግቢያቸው ውስጥ እያላቸው ለእንቁጣጣሽ ከመንገድ የሚገዙ ሰዎች እንዳይኖሩ እመኛለሁ።

ከውጭ የመጣ ሁሉ ይነቀል ማለት አይደለም። ጃካራንዳ የደቡብ አሜሪካ ዛፍ ነው፣ ሐምራዊ አበባው ግን የከተማችን ጌጥ ሆኗል። መጠንቀቅ የሚያሻው ወራሪዎችን ነው። ላንታና፣ በአንዳንድ አካባቢ የወፍ ቆሎ የሚባለው፣ ለአጥር እየተባለ ይሸጣል፤ ወፎች ፍሬውን ተሸክመው የግጦሽ መሬት ላይ ይዘሩታል፣ ከብትንም ይመርዛል። አጥሬ ያምራል ተብሎ የሌላው ማሳ መበላሸት የለበትም።

«የሚበላ ተክል ቦታው ጓሮ ነው»

በፈረንሳይ የቪላንድሪ ቤተ መንግሥት በጣም የሚታወቀው በአትክልት መደቦቹ ነው። ከ1906 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቤቱ ባለቤት የነበረው ሰው ጎመኑን፣ ቀይ ሥሩን፣ ሰላጣውን በቀለማቸው እየለየ በቅርጽ ተከላቸው። ከሩቅ ሳንሄድ የጌዴኦ ሰዎች ቡናውንና እንሰቱን በአገር በቀል ዛፍ ሥር አድርገው የያዙት መልክዓ ምድር በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጤና አዳም ሰማያዊ አረንጓዴ ቅጠሉን ይዞ የመሄጃ ጠርዝ ቢሆን፣ በሶብላ በበሩ አጠገብ ቢተከልና የሚገባው ሰው ልብሱ ሲነካው ቢሸት፣ ጌሾ እንደ አጥር ቢገረዝ፣ ግቢው ውበቱ አይቀንስም። ለማጀቱም ቅርብ ይሆናል።

«ዛፍ ቤት ያፈርሳል»

አንዳንዱ ያፈርሳል። ወርካ፣ ሾላና ባሕር ዛፍ ለመኖሪያ ቤት ግቢ አይሆኑም፤ በተለይ ዋልካ ላይ ውሃውን ሲመጡት መሬቱ ስለሚኮማተር መሠረት ይሰነጠቃል። ወይራ፣ ኮክ ወይም ጌሾ ከግድግዳው ጥቂት ሜትር ርቀው ሲተከሉ ግን የሚያሰጋ ነገር የለም። የዛፍ ግንድን በኖራ መቀባት ለጋ ቅርፊትን ከፀሐይ ቃጠሎ ሊጠብቅ ይችላል፤ ለጌጥ ብቻ ከሆነ ግን የጽድና የወይራን ቅርፊት በተፈጥሮ ቀለሙ መተው ይሻላል።

«ንጹሕ ግቢ ማለት በሙሉ የተነጠፈ ግቢ ነው»

ጭቃ መጥላት ተገቢ ነው። ዳር እስከ ዳር በሲሚንቶ የተደፈነ 200 ካሬ ሜትር ግቢ ግን 40 ሚሊ ሜትር በሚጥልበት የሐምሌ ቀን 8,000 ሊትር ውሃ ወደ መንገድ ይለቅቃል፤ ውሃው የሚገባው ተዳፋቱ ሥር ያለው ጎረቤት ቤት ነው። መሬቱ ቀይ አፈር ከሆነ ድንጋዩን በሲሚንቶ ሳይሆን በአሸዋ ላይ ማንጠፍ፣ በድንጋዮቹ መካከል ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት ትቶ ሰርዶ ወይም ጦስኝ መትከል ይበቃል። ዋልካ ላይ ደግሞ ከንጣፉ ሥር የጠጠር ንብርና ወደ ቦዩ የሚወስድ ተዳፋት ይጨመራል። መኪና የሚቆምበትም ቢሆን ጎማው የሚያርፍበትን ሁለት መስመር ብቻ አንጥፎ መሃሉን ለሣር መተው ይቻላል።