ካሴቱ አልተበላሸም

ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ ማኪያቶዬን ይዤ ቁጭ ባልኩበት የእህቴ ልጅ ደወለ። «ጋሼ፣ በፍላሽ የሰጠኸኝ ፊልም ተበላሽቷል። መሃል ላይ ሲደርስ ይቃጠላል። ሌላ ኮፒ የለህም?» የትኛው ፊልም ብዬ አልጠየቅኩትም። «ግሬምሊንስ 2» ነዋ! ይሄን ስሞታ ልጁ ሳይወለድ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ።

ላላያችሁት ባጭሩ፦ ጊዝሞ የሚባል ጆሮ ትልቅ፣ አንጀት የሚበላ ትንሽ ፍጥረት አለ። ውሃ ሲነካው ከጀርባው ሌሎች ይወጣሉ። እነዚያ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከበሉ ደግሞ ወደ ተንኮለኛ ጭራቅነት ይለወጣሉ። በመጀመሪያው ክፍል አንዲት ትንሽ ከተማ ያምሳሉ፣ በሁለተኛው ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ ዘመናዊ ሕንፃ። ያስፈራል፣ ግን ሳቁ ይበልጣል።

እኔ በኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ ፒያሳ፣ ከሲኒማ ኢትዮጵያ ብዙ በማይርቅ አንድ ጠባብ ቤት የፊልም ካሴት አከራይ ነበርኩ። ዛሬ ቤቱም የለም፣ ሰፈሩም ፈርሷል። ስሞታው ግን አልፈረሰም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊልሙ እየሄደ እየሄደ ድንገት ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ቴሌቪዥኑ ጭርር ይላል። ከዚያ ቻናል መቀያየር ይጀምራል። በመጨረሻ አንድ የድሮ የካውቦይ ፊልም ላይ ያርፍና ጆን ዌይን ብቅ ብሎ ጭራቆቹ ላይ ይተኩስባቸዋል፣ ፊልሙም ካቆመበት ይቀጥላል። ደንበኞቼ ግን ጆን ዌይን ጋ አይደርሱም። ጭርር ሲል ካሴቱን ያወጡና በማግስቱ ጠዋት ይዘውልኝ ይመጣሉ።

አንድ ቀን አንድ ቦርሳ የያዙ ትልቅ ሰው ካሴቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርገው «አንተ ልጅ፣ የተበላሸ ዕቃ ነው የምታከራየው?» አሉኝ። «ጋሼ፣ አልተበላሸም፤ ፊልሙ ራሱ ነው እንዲያ የሚያደርገው» ብላቸው «ፊልም ምን ሆኖ ራሱን ያበላሻል?» ብለው ሳቁብኝ። ሦስት ብራቸውን መለስኩ። ሌላ ልጅ ደግሞ ለኔ እንኳን ሳይነግረኝ ዴኩን፣ የካሴት ማጫወቻውን ማለቴ ነው፣ ተሸክሞ ጠጋኝ ጋ ሄደ። ጠጋኙም አላፈረም፣ «ሄዱ (ካሴቱን የሚያነበው ክፍል) አርጅቷል፣ ቀየርኩልህ» ብሎ ገንዘቡን ተቀበለው። ልጁ ማታ ቤቱ ገብቶ ፊልሙን ሲከፍት ጭርር!

እስቲ ቆይ፣ ካሴት ቻናል ይቀይራል እንዴ? ያረጀ ካሴት ምስሉ ላይ መስመር ያወጣል፣ ድምፁ ይጎተታል፣ ቢበዛ ዴኩ ውስጥ ተጠምጥሞ ይቀራል። ጆን ዌይንን ይዞ የመጣ የተበላሸ ካሴት እኔ አላየሁም። ዛሬም ቤታችሁ ዴክ ያላችሁ ካላችሁ ምክሬ አንድ ነው፦ በጡጫ አትምቱት። መጀመሪያ ሌላ ካሴት ክተቱና እዩ። ሌላውም ካስቸገረ ሄዱን በአልኮል በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ቀስ አድርጋችሁ ጥረጉ። በጥጥ አይደለም፣ ጥጥ ክሩን ጥሎ ይቀራል። ሌላው ደህና ከሠራ ግን ዴኩን ተዉትና ፊልሙን ሁለት ደቂቃ ታገሱት።

የእህቴ ልጅ እጅ የገባው ደግሞ በሲኒማ የታየው ቅጂ ነው። እዚያኛው ላይ ፊልሙ ይቃጠልና ነጭ ሸራ ብቻ ይቀራል። ጭራቆቹ የማሽን ክፍሉን ይዘው በእጃቸው ጥላ ይጫወታሉ። አንዲት እናት ወጥታ ለሲኒማ ቤቱ ኃላፊ ስሞታ ታሰማለች፣ ልክ እንደኔ ደንበኞች። ኃላፊው ተመልካች መሃል ተቀምጦ የነበረውን ሬስለሩን ሃልክ ሆጋንን ይለምነዋል። እሱ ተነስቶ ሲጮህባቸው ነው ፊልሙ የሚቀጥለው። ቴሌቪዥን ላይ የሚቃጠል ፊልም ስለሌለ ለካሴቱ ቀልዱን እንደገና ሠሩት። አያችሁ ልፋቱን? ለፊልሙ ገንዘብ ያወጡት ሰዎች ተመልካቹ የምር መስሎት ጥሎ ይወጣል ብለው ሰግተው ነበር፤ ቀልዱ እንዲገባ የተሟገተው ከፊልሙ ፕሮዲውሰሮች አንዱ የሆነው ስፒልበርግ ነው ይባላል። የፒያሳን ሰው ቢያውቅ ኖሮማ ጨርሶ አይፈቅድም ነበር።

ፊልሙ ከራሱ ጋር ነው የሚጫወተው። ሊዮናርድ ማልቲን የሚባለው የፊልም ሃያሲ የመጀመሪያውን ክፍል አልወደደውም ነበር። በሁለተኛው ውስጥ ራሱን ሆኖ ገብቶ የመጀመሪያውን ክፍል ካሴት ይዞ ሲያጣጥለው ጭራቆቹ ይወርዱበታል። ይሄን የሚያደርግ ፊልም ሠሪ ፊልሙ መሃል ላይ ሳያውቅ ይቆረጥበታል?

ስለ ፊልሙ የሚወሩትን ሌሎች የተሳሳቱ ነገሮች ደግሞ ቶሎ ቶሎ ልመልስ።

«የስፒልበርግ ፊልም ነው።» አይደለም። ሁለቱንም ዳይሬክት ያደረገው ጆ ዳንቴ ነው። ስፒልበርግ ኤክስኪዩቲቭ ፕሮዲውሰር ነው።

«የ1990 ፊልም ስለሆነ ያን ያህል አሮጌ አይደለም።» ያ በፈረንጅ ነው ወዳጄ። በኛ ሰኔ 8 ቀን 1982 ነው የወጣው።

«በኮምፒውተር ነው የሠሩት።» አብዛኞቹ ጭራቆች የሜካፕ ባለሙያው ሪክ ቤከርና ሠራተኞቹ በእጅ የሠሯቸው አሻንጉሊቶች ናቸው፤ ጎማ፣ ሽቦ፣ ሞተርና ከሥር ተደብቆ የሚያንቀሳቅስ ሰው። የመጀመሪያውን ክፍል ጭራቆች የሠራው ሌላ ሰው ስለነበር፣ ሪክ ቤከርም የሌላ ሰው ሥራ መድገም ስላልፈለገ ነው ታሪኩ ውስጥ ላቦራቶሪ ገብቶ ክንፍ ያለው፣ ሸረሪት የሆነው፣ መብራት የሆነው ሁሉ የመጣው። የላቦራቶሪው ኃላፊ ደግሞ በድራኩላነቱ የምናውቀው ክሪስቶፈር ሊ ነው።

«ክፍል 2 ርካሽ ስለሆነ ከሰረ።» ተገላቢጦሽ! የመጀመሪያው ክፍል፣ በፈረንጅ 1984፣ በ11 ሚሊዮን ዶላር ግድም ተሠርቶ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 148 ሚሊዮን አስገባ። ሁለተኛው ብዙ እጥፍ ፈጅቶ 41 ሚሊዮን ግድም ነው ያገኘው። «ዲክ ትሬሲ» የሚባል ሌላ ፊልም በዚያው ቀን ወጥቶበት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይዋጥልኝም፤ የመጀመሪያውም ከ«ጎስትባስተርስ» ጋር በአንድ ቀን ወጥቶ አልሞተም። ስድስት ዓመት መቆየቱ ይመስለኛል የጎዳው።

«የልጆች ፊልም ነው።» የጊዝሞን ፎቶ ሽፋኑ ላይ አይታ የመጀመሪያውን ክፍል ለልጇ ልደት የተከራየች እናት ነበረች። በሚክሰር የሚፈጨውንና ማይክሮዌቭ ውስጥ የሚፈነዳውን ጭራቅ ኬክ እየተበላ ነው ያዩት። ወር ሙሉ ሰላም አላለችኝም። አሜሪካኖቹም ያኔ ስለተንጫጩ ነው፣ ከ«ኢንዲያና ጆንስ» ሁለተኛ ክፍል ጋር ተደምሮ፣ በዚያው በ1984 ከ13 ዓመት በታች ላሉ ወላጅ ይጠንቀቅ የሚል አዲስ ደረጃ ያወጡት። ሁለተኛው ለስለስ ይላል፣ ቢሆንም ትንንሾቹን አስተኙ።

የእህቴ ልጅ ማታውኑ መልእክት ላከ። «ጋሼ አየሁት፣ ልክ ነህ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ከ12 ሰዓት በኋላ መብላት የማይችል ከሆነ እራት መቼ ነው የሚበላው?»

ይሄኛውን ደግሞ የሚያስፋፉት በአማርኛ ፊልም የሚተርኩልን ልጆች ናቸው። ፈረንጁ 12 ሲል እነሱም 12 ይላሉ። የፈረንጅ 12 ማለት እኩለ ሌሊት፣ በኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው! ምስኪኑን ጊዝሞ ከምሽቱ 12 ጀምሮ ጾም አስገቡት። እንደኛ ብናስብማ ቀኑ የሚቀየረው ሲነጋ ስለሆነ ጨርሶ ሌላ ጣጣ ነው። በነገራችን ላይ ፊልሙ በዚህ ሕግም ይቀልዳል። የሕንፃው መቆጣጠሪያ ክፍል ሠራተኞች ሕጉ ሲነገራቸው ይስቃሉ። አንዱ ቀደም ብሎ የበላው ጥርሱ መሃል ተሰክቶ ቆይቶ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቢወጣስ ይላል። ሌላው አውሮፕላን ላይ እየበላ የሰዓት ክልል ቢያልፍስ ይላል። አንድ አበሻ እዚያ ክፍል ውስጥ ቢኖር «በኛ ነው በፈረንጅ?» ማለቱ አይቀርም ነበር።