«ጥሪ» ክህነት ብቻ ነው እንዴ?
በማኅበራችን ጥያቄው ሰሞኑን እየተደጋገመ ነውና ላስረዳ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ለማገልገል የተጠራው የተጠመቀ ሁሉ ነው፤ 1ኛ ጴጥሮስ 4፥10 «እያንዳንዳችሁ» ብሎ እንጂ ካህናትን ለይቶ አይናገርም። ክህነት ግን በጳጳስ እጅ የሚሰጥ ሹመት ነው፤ ማንም ተነስቶ አይወስደውም።

ለምሳሌ የጣና ጀልበኛ አንዲትን አሮጊት እናት ሳያስከፍል ዘጌ አድርሶ፣ ዘንቢላቸውን ተሸክሞ፣ በዚያ ባለው የቡና ደን ጥላ ሥር እያሳረፈ እስከ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ቢሸኛቸው አገልግሏል። መቀደስ ግን አይችልም። ጀልባውንም መተው የለበትም።

እስከዚህ ያለው ቁርጥ ነው። ማን በምን ያገልግል የሚለው ግን እንደ ጸጋው፣ እንደ ጤናውና እንደ ኑሮው ይለያያል፤ ከንስሐ አባት ጋር መመካከር ነው። እኔማ መዘምር ካልሆንኩ ብዬ ስንት ጊዜ አስቸግሬአለሁ፤ ድምፄን የሰማችሁ ታውቃላችሁ። አሁን ከቅዳሴ በኋላ ምንጣፍ አነሳለሁ።