«ልትኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች»፦ ተረቱና የፎቶ እርማት

ተረቱ የሚነገረው ለማሳመር ተነሥቶ ዋናውን ነገር ላበላሸ ሰው ነው። መነሻውም ከኩል ብልቃጥ ነው። ኩል የላመ ጥቁር የድንጋይ ዱቄት ነው፤ ቀጭኗ መኳያ ብልቃጡ ውስጥ ትነከራለች፣ ትርፉ ይራገፋል፣ ከዚያ ገርበብ ባለው ዓይን ጠርዝ በቀስታ ትሳባለች። እጅ ከከበደ የሚጎዳው ጉንጭ አይደለም፣ ዓይን ራሱ ነው። ተረቱ ኩልን አይነቅፍም፤ የሚነቅፈው ከባድ እጅን ነው።

የፎቶን አንድ ክፍል ብቻ ነጥሎ ለሚያርም ሰው ከዚህ የሚቀርብ ተረት የለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ የቀትር ፀሐይዋ ነጠላን ያንቦገቡጋል፣ በነጠላው የተከለለውን ፊት ግን ያጨልማል። ፊቱ ይታይ ብለው ፎቶውን በሙሉ ካበሩት ነጠላው ባዶ ነጭ ይሆናል። የብርሃን መጠኑ የመጨረሻው ነጭ የሆነው 255 ከደረሰ የፈትሉ መስመር ጠፍቷል፤ ያንን ፋይል መልሶ ማጨለም ግራጫ እንጂ ፈትል አያመጣም።

ስለዚህ ፊቱን ብቻ። በስልክ ስናፕሲድ በተባለው የፎቶ ማረሚያ መተግበሪያ ላይ «ሴሌክቲቭ» የሚለውን ከፍቶ ጉንጭ ላይ ነጥብ ማስቀመጥ ነው። በሁለት ጣት ሲያሰፉትና ሲያጠቡት የሚነካው ቦታ በቀይ ይታያል፤ ቀዩ ከነጠላው እስኪወጣ ማጥበብ፣ ከዚያ ብርሃኑን ከ15 እስከ 20 ማሳደግ። ግንባር ይበልጥ ከጨለመ የራሱ ነጥብ ይሰጠው። መሣሪያው ቦታ የሚመርጠው በቀለም መመሳሰል ነው፤ የመንዝ በርኖስ የለበሰ ሰው ላይ ቡናማው ሱፍ ከቆዳው ጋር አብሮ የሚበራው በዚህ ምክንያት ነው። ያኔ ክቡን ከአንገት በላይ ማስቀረት ያስፈልጋል።

በኮምፒውተር ላይትሩም በተባለው የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም ብሩሽ የሚሠራ ሰው የጠርዙን ልስላሴ 80፣ ፍሰቱን (ብሩሹ በአንድ ማለፍ የሚጥለውን መጠን) 15 ያድርግና በ0.30 ብርሃን ደጋግሞ ይለፍበት። እንደ ኩሉ ነው፤ ጥቂት፣ ግን ደጋግሞ። ብሩሹ ከራስ አልፎ ሰማዩን ከነካ በራስ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ይወጣል፤ አልት ተጭኖ በትንሽ ብሩሽ ትርፉን ማጥፋት ነው። ፎቶው ጄፔግ (የተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት) ከሆነ በአንድ ቀለም 256 እርከን ብቻ ስላለው ጥላው ብዙ ሲበራ ይዥጎረጎራል። 14 ቢት ሮው (ካሜራው ያስቀመጠው ጥሬ ፋይል) ግን 16,384 እርከን ስላለው ይችላል።

ዓይን ላይ ሲደርሱ ደግሞ ተረቱ ቃል በቃል ነው። የሚበራው በብሌኑ ዙሪያ ያለው ቡናማ ክብ ብቻ ነው። የዓይን ነጭ በተፈጥሮው የቆቡ ጥላና ቀጫጭን ሥር አለበት፤ ወረቀት ካስመሰሉት የሰው ዓይን መሆኑ ይቀራል። ብሌኑ ጥቁር ይቆይ፣ በውስጡ ያለችው የብርሃን ነጥብም አትነካ። እርማቱ 100 በመቶ ተጠግቶ ይሠራል፣ ፍርዱ ግን ራቅ ብሎ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ቆዳ ማለስለሻው ነው። የእናቶችን ንቅሳት ከማዲያት አይለይም፤ የአንገት ንቅሳትን አደብዝዞ፣ የግንባር መስቀልን ፍቆ ያልፋል። ከማለስለስ በፊት ንቅሳቱ በማስክ (እርማቱ እንዳይነካው በሚሸፍን ክልል) ይከለል፤ ማስኩም ከንቅሳቱ ጠርዝ ትንሽ ይስፋ።