«በወንድ ያልቃል» ያለው ማን ነው?

ባለፈው እሁድ የእድር ስብሰባ ነበረን። የድሬዳዋ ነገር ታውቁታላችሁ፣ ስብሰባ ከሆነ በጠዋት ነው፤ አምስት ሰዓት ካለፈ ፀሐዩ ሰው አያስቀምጥም። ሰብሳቢያችን ካረፉ ሁለት ወር ሆኗቸዋል፤ ጉዳዩ ማን ይተካቸው ነበር። አንዲት እናት ከኋላ ተነሱና «ባለቤታቸው አሉ አይደል እንዴ፣ ምን ሌላ ሰው ያስፈልገናል?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጋሼ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ዓይናቸው ደክሞ ነበር። መዝገቡን የሚጽፉት፣ ማን ስንት ወር መዋጮ እንዳሳለፈ የሚያውቁት፣ ድንኳኑ ማን ቤት እንዳደረ የሚከታተሉት እትዬ ናቸው። ጋሼ ይፈርሙ ነበር፣ በቃ።

ከኒሙ ዛፍ ሥር ጥላውን ይዞ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ እጁን እንኳ ሳያወጣ «አቦ፣ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» ብሎ ጣል አደረጋት። ሳቅ ሆነ። እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ዝም አሉ።

እኔን ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። የተናገረው ተረት አዲስ ሆኖብኝ አይደለም፤ ያለ ቦታው ስለገባ ነው።

ትርጉሙን ማንም ያውቀዋልና እሱን እንለፈው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። ተረቱ «ታልቃለች» አይልም፣ «ያልቃል» ነው የሚለው። የሚያልቀው ነገሩ ነው፣ ሥራው ነው። ሴትየዋማ ማወቋ መጀመሪያውኑ ተነግሯል። ታዲያ የሚያውቅ ሰው እያለ ሥራው በሌላ እጅ የሚያልቀው ለምንድን ነው? መልሱ ያለው እርሻ ላይ ነው እላለሁ፣ እርፉ ላይ፣ አራሹ በሚጨብጠው እጀታ።

እኔ ድሬዳዋ ተወልጄ ባድግም አያቴ የሸዋ ገበሬ ነበረች። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ በባቡር ይልኩኛል፣ ሞጆ ላይ ዘመድ ይቀበለኛል፣ ከዚያ በእግር። አያቴ ባሏ የሞተባት እናቴ ገና በጀርባ ሳለች ነው። መሬት አላት፣ አንድ በሬም አላት። አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና ከአራሿ በሬ ጋር ይጠመዳል፤ መቀናጆ ይሉታል። መሬቱን ለእኩል ሰጥታዋለች፣ ምርቱ አውድማ ላይ በቁና እየተሰፈረ ለሁለት ይካፈላል።

ጠዋት ጠዋት ማሳው ዳር ይዛኝ ትሄድ ነበር። ጎንበስ ትልና ከመረሬው አንድ ጭብጥ ታነሳለች፣ ጭምቅ ታደርገዋለች፣ መዳፏን ትከፍታለች፣ ታያለች። ከዚያ ወይ «ገና አልጠጣም» ወይ «ዛሬ ይግባበት» ትላለች። አራሹ በሬዎቹን ጠምዶ፣ ጅራፉን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ አፏን እያየ ይጠብቃል። የትኛው ጥግ ውሃ እንደሚያቁር፣ አምና ምን እንደተዘራበት፣ ለዘር የቀረው ጤፍ ጎተራው ውስጥ የት እንዳለ፣ ሁሉም እሷ ጭንቅላት ውስጥ ነው። እርፉን ግን አትይዝም። ሴት አታርስም፣ ነውር ነው። ማጨድ ትችላለች፣ ማረም ትችላለች፣ ጭድና ፍሬ መለየት ትችላለች፤ እርፍ መያዝ ግን የለም።

አንድ ቀን እርሻው መሀል ላይ አራሹን መርዶ መጥቶ ጠሩት። በሬዎቹ እንደተጠመዱ ቆሙ። ዝናቡ ከወዲያ ማዶ እየጠቆረ ነው፣ የቀረው ምናልባት አሥር ትልም ቢሆን ነው። አያቴ ሰማዩን አየች፣ በሬዎቹን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። አሥር ዓመቴ ነው። የድሬዳዋ ልጅ፣ ባለ ሰንደል ጫማ፣ በሬ ሲያናፍስ የምደነግጥ። «ና ያዝ» አለችኝ።

ያዝኩ። እርፉ ከእኔ ጉልበት በላይ ነበር። እሷ አጠገቤ በባዶ እግሯ እየሄደች «ጫን በለው… አሁን አቅልለው… ቦራ! ወደ ላይ!» እያለች በአፏ ታርሳለች። ትልሙ እንደ እባብ ተጣመመ። እጇ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ እርፉ ተዘርግቶ ሲመለስ አይቻለሁ። ዳር ላይ ስንደርስ ጠማማውን ትልም ዞራ አየችውና ሳቀች፣ ደስ የማይል ሳቅ ነበር፣ «ይኸው እንግዲህ፣ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» አለች። ወንዱ እኔ ነበርኩ!

ከዚያ ወዲህ ይህን ተረት የወንድ ፉከራ አድርጌ ልሰማው አልቻልኩም። የመጀመሪያዋ ተናጋሪ ማሳ ዳር የቆመች ባል የሞተባት ሴት ናት፣ ብዬ ደምድሜአለሁ። ስሞታ ነው። ከችሎት የመጣ ነው የሚል ወዳጅ አለኝ፤ ሴቲቱ ሙግቱን ጠንቅቃ ብታውቅም ተነስቶ የሚከራከርላት ወንድ ነው ይላል። ይሁንለት፤ የኔ ግን ይበልጣል። ማስረጃ አምጣ ካላችሁኝ ያለኝ የአያቴ ፊት ብቻ ነው።

ባል የሞተባት ሴት ነገር ከተነሳ ደግሞ ሐረር ቅርባችን ናት። ባቲ ድል ወንበራን አስቧት። የኢማም አሕመድ ሚስት፣ የዘይላው ገዥ የኢማም ማሕፉዝ ልጅ። ባሏ እ.ኤ.አ. በ1543 ወይና ደጋ ላይ ሲወድቅ የተረፈውን ሰው ይዛ ሐረር ገባች። ልጇ ተማርኮ ነበር። በወዲያ በኩል ደግሞ ሌላ ባል የሞተባት አለች፣ የልብነ ድንግል ሚስት እቴጌ ሰብለ ወንጌል፤ የሷም ልጅ ሚናስ ምርኮኛ ነው። ልጅ በልጅ ተለዋወጡ። ወንዶቹ ያላበረዱትን ጦርነት ሁለት እናቶች ለአንድ አፍታ አቆሙት ማለት ነው። ከዚያ ድል ወንበራ የባሏን የእህት ልጅ ኑርን አገባች፣ የባሏን ደም እንዲመልስ ቃል አስገብታ ነው ይባላል። አሚር ኑር የጀጎልን ግንብ ያሠራው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1559 አፄ ገላውዴዎስ የተገደሉትም ከሱ ጋር ሲዋጉ ነው። መንበሩ ላይ የተቀመጠው እሱ፣ ነገሩን የጀመረችው እሷ። በወንድ አለቀ እንግዲህ፣ እርፉን እሱ ያዘ።

የባል ወንበርም እንደ ባል መሬት ነው። ለሚስቲቱ ይሰጧታል፣ ግን አራሽ እስኪገኝ ጠብቂው ብለው ነው። አሜሪካ ውስጥ አርካንሶ የሚባል ግዛት ሴናተሩ ታዴየስ ካራዌይ እ.ኤ.አ. በ1931 ሲሞት ሚስቱን ሃቲን ተኪ አደረጓት። የሾሟት ሰዎች ሐሳብ ወንበሩን ለጊዜው ታሙቅልን፣ በሚቀጥለው ምርጫ ከወንዶቹ አንዱ ይይዘዋል ነበር። እሷ ግን በ1932 እኔም እወዳደራለሁ ብላ ቁጭ! አሸነፈች፣ እስከ 1945 ቆየች። ማርጋሬት ቼዝ ስሚዝም በ1940 የሞተ ባሏን የምክር ቤት ወንበር ይዛ ገባችና በኋላ ለሴኔት ተመርጣ እስከ 1973 አልወጣችም። በ1950 ሴናተር ማካርቲ አገሩን ሁሉ ኮሚኒስት እያለ ሲያስደነግጥ፣ ከራሱ ፓርቲ ቀድመው ተነስተው ከተቃወሙት አንዷ እሷ ናት።

ሲሪማቮ ባንዳራናይኬ ደግሞ አለች። ባሏ የሲሎን ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር፣ የዛሬዋ ስሪላንካ። እ.ኤ.አ. በ1959 ተተኩሶበት ሞተ። በ1960 እሷ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነች፣ ከዓለም የመጀመሪያዋ ሴት። አልቃሻዋ መበለት እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ሦስት ጊዜ ተመላልሳ ያንን ወንበር ይዛለች፣ የመጨረሻው ጊዜ ላይ ፕሬዚዳንቷ የገዛ ልጇ ነበረች። ልጅቷም ባሏን በጥይት ያጣች ናት። እነዚህ ሁሉ በሐዘን በር መግባታቸው እኔን ደስ አይለኝም፣ ሌላው በር ተዘግቶባቸው ስለነበር እንጂ መች ምርጫቸው ሆነና።

ወደ እድራችን ልመለስ። ያ ጎልማሳ ወንድሜ ከዚራ ተወልዶ ከዚራ ያደገ ነው፣ እርፍና ሞፈር ለዩልኝ ቢሉት የሚያዛውር። ልንገረው እስቲ፦ ወንድሜ፣ ይህ ተረት እንደ ድንጋይ አንስተህ የምትወረውረው አይደለም። እርሻ በሌለበት፣ በሬ በሌለበት፣ መዝገብና እስክሪብቶ ብቻ ባለበት ቦታ «በወንድ ያልቃል» ምን ሊያደርግ መጣ? እስክሪብቶ መያዝ ለሴት ነውር ነው ያለ አባት እኔ አልሰማሁም። ደግሞ ተረት የሚጠቅስ ሰው ቢያንስ ከወንበሩ ይነሳል።

የዚያ ቀን ድምፅ ሳይሰጥ ለሚቀጥለው ወር ተቀጠረ። ሽማግሌው «እስከዚያ መዝገቡ ማን ጋ ይቀመጥ?» ሲሉ ሁሉም ወደ እትዬ ዞረ። እትዬ መዝገቡን ከነጠላቸው ሥር አወጡት። ለካ ይዘውት ነው የመጡት።