«ና» በፊሊፒንስና በክሪዮል ቋንቋዎች

«ና» ከፊሊፒንስ እስከ ካሪቢያን በብዙ ቋንቋዎች፣ በክሪዮሎችም (ከተለያዩ ቋንቋዎች ቅልቅል በተወለዱ ቋንቋዎች) የምትሰማ አጭር ቃል ናት። ትርጉሟም ምንጯም ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ የትኛዋ እንደሆነች የሚያስታውቀው በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የቆመችበት ስፍራ ነው።

በፊሊፒንሱ የታጋሎግ ቋንቋ ሁለት ሥራ አላት። አንደኛው ነገሩ መፈጸሙን ወይም መለወጡን መንገር ነው፦ «ኩማይን ና አኮ» (በልቻለሁ)። በዚህ ሥራዋ ከመጀመሪያው ቃል ወይም ሐረግ ቀጥላ ትገባለች። አጭሩ ተውላጠ ስም «ካ» (አንተ፣ አንቺ) ካለ ግን እሱ ይቀድማታል፤ ስለዚህ «ኩማይን ካ ና ባ?» (በልተሃል?) እንጂ «ኩማይን ና ካ ባ?» አይባልም። ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው ሥራዋ ቅጽልን ከስም ማያያዝ ነው፦ «ማሊኒስ ና ባሃይ» (ንጹሕ ቤት)። ቅጽሉ በአናባቢ ካለቀ «ና» ቀርታ «ንግ» ትለጠፋለች፦ ከ«ማላኪ»፣ «ማላኪንግ ባሃይ» (ትልቅ ቤት)። ሌላው የፊሊፒንስ ቋንቋ ሴብዋኖ የመጀመሪያውን ሥራ በ«ና» ይገልጻል፤ ለማያያዣ ግን «ንጋ» ይላል።

አብዛኛው ቃሉ ከስፓኝ የመጣው የፊሊፒንስ ክሪዮል፣ የሳምቦአንጋ ከተማ ቻቫካኖ፣ ደግሞ «ና»ን ከስም በፊት ለቦታ ያውላታል። «ቤት ደርሻለሁ፣ እዚህ ነኝ» ለማለት ታጋሎግ ተናጋሪው «ናሳ ባሃይ ና አኮ» ሲል፣ የሳምቦአንጋ ሰው «ታኪ ያ ዮ ና ካሳ» ይላል። የታጋሎጓን «ና» ሥራ እዚህ የሚሠራው «ያ» ነው፤ የቻቫካኖዋ «ና» ደግሞ ቦታን የምታመለክተውን የ«ናሳ»ን ስፍራ ይዛለች። ድምፅን ብቻ ተከትሎ የሚተረጉም ሰው ሁለቱን ያምታታል።

የቻቫካኖዋ «ና» ምንጭ እስካሁን ያከራክራል። በፖርቱጋልኛ «ና» መስተዋድድና አንስታይ መስተአምር (እንደ እንግሊዝኛው «the» ያለ ቃል) ተዋህደው የተገኘች ናት። የቋንቋ ተመራማሪው ኪት ዊኖም በ1956 የማኒላ ባሕረ ሰላጤ ክሪዮሎች (የሳምቦአንጋው ቻቫካኖ ዘመዶች) ሥር በሞሉካስ ደሴቶች፣ በተርናቴ ይነገር የነበረ የፖርቱጋልኛ ቅይጥ ነው ብሎ ነበር፤ ሌሎች ከስፓኝ «ኤን ላ» አጥሮ የወጣ ነው ይላሉ። ሁለቱም መንገድ በድምፅ ረገድ ስለሚያስኬድ፣ ይህቺን ቃል ብቻ ይዞ መፍረድ አይቻልም።

በካሪቢያኗ ደሴት በኩራሳዎ በሚነገረው ክሪዮል፣ በፓፒያሜንቱ፣ «ሚ ታ ና ካስ» ማለት «ቤት ነኝ» ነው። በጊኒ ቢሳው ክሪዮል ግን «ኢ ና ኩሜ» «እየበላ ነው» ማለት ሲሆን፣ በናይጄሪያ ፒጂን «ና ሚ» «እኔ ነኝ» ነው። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ቶክ ፒሲን «ማማ ና ፓፓ» «እናትና አባት» ነው፤ ከአማርኛው «-ና» ጋር መግጠሙ አጋጣሚ እንጂ ዝምድና አይደለም።

የሱሪናሙ ክሪዮል ስራናን ሁለት «ና» አለው። «ሚ ዴ ና ኦሶ» (ቤት ነኝ) ውስጥ ያለችው የቦታ ናት። «ኣ ማን ና ዳትራ» (ሰውዬው ሐኪም ነው) ውስጥ ያለችው ደግሞ «ነው» ማለት ናት፤ እሷም «ዳ» ከሚለው የቀድሞ ቅርጽ የመጣች ሌላ ቃል ናት።