የሥር አሳባጭ ኔማቶድና የሰብሎች የዱር ዘመዶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የዱር ተክል በኔማቶድ አይያዝም።»
ይያዛል። ሥር አሳባጭ ኔማቶድ አፈር ውስጥ የሚኖር፣ በዓይን የማይታይ ትል ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ የዕፅዋት ዓይነቶችን ያጠቃል። ዱር ውስጥ ግን ተክሎቹ ከሌሎች ጋር ተሰባጥረው ስለሚበቅሉ ጉዳቱ እንደ ማሳ ጎልቶ አይታይም፤ ሥራቸውን ነቅሎ የሚመረምርም እምብዛም ነው።

«ሥሩ ላይ እብጠት ካለ ኔማቶድ ነው።»
በጥራጥሬ ዘመዶች ላይ ይህ ያሳስታል። ናይትሮጅን የሚያስገኙት ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ቋጠሮ ከሥሩ ጎን የተለጠፈ ነው፤ በጣት ሲታሽ ይረግፋል። ኔማቶድ ሲሆን ያበጠው ራሱ ሥሩ ነው።

«ተከላካይ ተክል ትሉን አያስገባም።»
አብዛኛውን ጊዜ ያስገባል፤ ፍልሚያው የሚጀምረው ከገባ በኋላ ነው። ታዳጊው ትል በሥሩ ጫፍ አካባቢ ሰርጎ ጥቂት ሕዋሳትን ወደ ግዙፍ መመገቢያነት ይለውጣል። ሴቷ እዚያው ተቀምጣ ትወፍራለች፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎችንም ሙጫ መሰል ነገር ውስጥ ትጥላለች። ሚ-1 የተባለው ጂን ባለው ቲማቲም ግን ትሉ የነካቸው ሕዋሳት ወዲያው ይሞታሉ፤ ትሉም የሚበላው ያጣል።

«ጂኑ ተገኝቷል፤ ጉዳዩ አልቋል።»
ሚ-1 የመጣው ሶላነም ፔሩቪያነም ከተባለው የደቡብ አሜሪካ የዱር ቲማቲም ነው። ይህ የዱር ቲማቲምና የምናለማው ቲማቲም ሲዳቀሉ ዘሩ በደንብ ስለማይጎለብት፣ በ1940ዎቹ ጽንሱ ከዘሩ ወጥቶ ቤተ ሙከራ ውስጥ ማደግ ነበረበት። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት ኔማቶድ ተከላካይ ቲማቲሞች በአብዛኛው በዚህ በአንድ ጂን ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ይህ ያሳስበኛል። የአፈሩ ሙቀት ከ28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ጂኑ ይዳከማል። ሜሎይዶጋይኔ ሃፕላና ሜሎይዶጋይኔ ኢንተሮሎቢ የተባሉትን የሥር አሳባጭ ኔማቶድ ዝርያዎች ጨርሶ አይመክትም፤ ቀድሞ ይመክታቸው ከነበሩትም መካከል የለመዱት ትሎች አሉ።

«የዱር ዘመድ ምርት ከመቀነስ በቀር አይጠቅምም።»
የመጀመሪያዎቹ ዲቃላዎች ብዙ ጊዜ ደካሞች ናቸው፤ እውነት ነው። ነገር ግን አራኪስ ካርዴናሲ ከተባለው የለውዝ የዱር ዘመድ የመጣው መከላከያ በ1999 ኮአን በተባለው የቴክሳስ ለውዝ ወጣ፤ በ2002 ደግሞ የተሻለ ምርት ያለው ኔማታም ተከተለ።

«ዝርያው ተከላካይ ከተባለ ከየትኛውም ቦታ ጥቂት ዘር መሰብሰብ ይበቃል።»
ከሁሉም የከፋ ጉዳት የሚያመጣው ስህተት ይህ ይመስለኛል። በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ አንዱ ተክል ትሉን ሲመክት ጎረቤቱ ሥሩ ሊያብጥ ይችላል። በሙቀት የማይሸነፈው ሚ-9 የተባለው ጂን የተገኘው ሶላነም አርካነም ከተባለው የቲማቲም የዱር ዘመድ አንድ የዘር ናሙና ውስጥ ነው፤ ይህ ዝርያ ቀድሞ ከፔሩቪያነም ተለይቶ አይቆጠርም ነበር።